ብየዳው የማን ነው?

በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሐበሻ ምድር የመጣ የብራና መጽሐፈ ሄኖክ ይገኛል። ያመጣው የከተማዋ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 ጎንደር ሰንብቶ ሲመለስ፣ በጉዞው የሰበሰባቸውን ብራናዎች ለትውልድ ከተማው ሰጠ። የእንስሳት አጥኚዎች ይህን ሰው የሚያውቁት ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቀ መሆኑን ነው። አውግስት ዲልማን በ1851 የሄኖክን የግእዝ ንባብ ሲያሳትም ካመሳከራቸው ቅጂዎች አንዱ የፍራንክፈርቱ ብራና ነበር።

ሄኖክ ስለ ብረት የሚናገረው ለበያጅ ጆሮ አይጥምም። በምዕራፍ 8 ሰይፍና ቢላ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ለሰው ልጅ ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ፣ አዛዝኤል ነው። የብረት ጥበብ ከአምባርና ከዓይን ኩል ጋር በአንድ የክስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በምዕራፍ 10 ፍርዱ ይመጣል፤ አዛዝኤል እጅና እግሩ ታስሮ በበረሃ ጨለማ ይጣላል፣ የምድርም ኃጢአት ሁሉ በእሱ ስም ይጻፋል።

ሐበሻ ይህን ከመጽሐፉ ይውሰደው ወይም ከሌላ፣ ብረት ቀጥቃጩን ሲፈራውም ሲንቀውም ኖሯል። ማረሻና ማጭዱን ከእሱ ይገዛል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። «ቡዳ ነው» ይለዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ያማዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ። አዋጅ አፍን ያስይዛል፤ ልማድን መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬም ዲግሪ የያዘ ልጅ «በያጅ ልሆን ነው» ቢል እናቱ ደንግጣ ዘመድ መሰብሰቧ አይቀርም።

ጥያቄው ግን ከንቀቱ ይሰፋል። ብረት ሲሰበር፣ እሳት ሲነሣ፣ ጣሪያ ሲወርድ ጥፋቱ የሚጻፈው በማን ስም ነው? በሰይጣን ነው፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ወይስ ኤሌክትሮዱን በያዘው ሰው?

ፍራንክፈርት ይህን ነገር በዓይን ለማየት ትመቻለች። መሐል ከተማው ላይ ማይን ወንዝን የሚያሻግረው የብረት ድልድይ፣ አይዘርነር ሽቴግ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ለእግረኛ የተከፈተ ነው። በ1945 ሲያፈገፍግ የነበረው የጀርመን ጦር አፈረሰው፤ በዓመቱ ተጠግኖ ቆመ። ብረቶቹን ያያያዛቸው ሪቬት ነው። ሪቬት ደግሞ ሚስጥር የለውም፤ ጭንቅላቱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ የላላው በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ያሳብቅበታል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ ያለው የኦስትሃፈን ድልድይ ጠባዩ ሌላ ነው። ቅስቱ 175 ሜትር ይሻገራል። ይህን የሚያህል ብረት በአንድነቱ ከፋብሪካ የሚያመጣ መኪናም መንገድም ስለሌለ፣ ክፍሎቹ ወንዙ ዳር ከተገጣጠሙ በኋላ ቅስቱ በ2012 በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ቦታው ተወሰደ። በ2013 መጨረሻ መኪና ተላለፈበት። መኪና የሚነዳው ሰው ብየዳውን አያየውም፤ ቢያየውም ከላይ የሚታየው ቀለም ነው።

ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ ድንጋዩ ከካባው ተጠርቦ ያለቀ ስለነበረ፣ በግቢው መዶሻም ሆነ የብረት መሣሪያ እንዳልተሰማ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ይናገራል። የሳይት በያጅ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም።

ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ ለበያጁ ይገለበጥለታል፤ ሳይት ላይ በያጁ ለብረቱ ይገለበጣል። በጀርባው ተንጋልሎ ከራሱ በላይ ሲበይድ ብልጭታው በአንገትጌው ይገባል። የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከላከለውን ጋዝ ነፋስ ጠርጎ እንዳይወስድበት ዙሪያውን በሸራ ይከልላል፤ ወይም ጋዙን ትቶ ልባስ ባለው ኤሌክትሮድ ይሠራል። ልባሱ ደግሞ እርጥበት ይስባል። በምድጃ ደርቆ፣ ሙቀቱን በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ካልቆየ፣ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰርጎ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ምንም አይታይም። ከቀለጠው ልባስ የቀረው ሽፋን፣ ስላጉ፣ በመዶሻ ተንኳኩቶ ሲረግፍ መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ያምራል፤ አለቃውም አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ስንጥቁ የሚመጣው ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ በማግሥቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን። ስለዚህም ወፍራምና ጠንካራ ብረት ሲሆን መርማሪው አልትራሳውንዱን ይዞ ከመምጣቱ በፊት እስከ 48 ሰዓት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ተንቀሳቃሹ በያጅ እስከዚያ ጄኔሬተሩን ጭኖ ሌላ ከተማ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ጀርመን ለዚህ ያበጀችው መልስ ወረቀት ነው። በያጁ አይኤስኦ 9606 በሚባለው ደንብ ይፈተናል። የሚሰጠው ምስክር ወረቀት «በያጅ ነው» ብሎ አያልፈውም፤ በየትኛው ዘዴ፣ በምን ውፍረት፣ በየትኛው አቀማመጥ መበየድ እንደሚችል ይዘረዝራል። ሰውየው ከዚያ ሥራ እንዳልራቀ ኃላፊው በየስድስት ወሩ ፈርሞ ካላረጋገጠ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። እንደ ድልድይ ባለ ሥራ ደግሞ የትኛውን መስመር ማን እንደ በየደው ተመዝግቦ ይቀመጣል። የወረቀት ፍቅራቸው ብዙ ጊዜ ያስቃል፤ እዚህ ላይ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ወረቀት በሞላበት አገርም ቢሆን አደጋ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1996 በዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከተርሚናሉ በላይ በሚያልፈው መንገድ ላይ ሲካሄድ ከነበረ ብየዳ የተነሣ እሳት ከታች በጣሪያው ውስጥ የነበረውን ፖሊስታይሪን አቀጣጠለው። 17 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስታይሪኑ ከመንገዱ በታች፣ በጣሪያ ተሸፍኖ ነበር። እንዲህ ባለ ሕንፃ ዕቃውን የሚመርጠው ሌላ፣ ንድፉን የሚያጸድቀው ሌላ፣ ሥራውን የሚያዘው ሌላ ነው። ክሱ በ2001 ማንም ሳይፈረድበት ተቋረጠ። በሄኖክ የምድር ኃጢአት ሁሉ በአንድ ስም ተጽፏል፤ በዱሰልዶርፍ ለብዙ ስም ተከፋፍሎ በማንም ላይ ሳያርፍ ቀረ። ልጁን ለቀበረ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

የሐበሻው መንገድ ሦስተኛ ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ በግንባታ ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ለበዓል ከመጡት ምእመናን ከ30 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ብየዳ የለበትም፤ ነገሩ የእንጨት ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። እንዲህ ያለ መዓት ሲደርስ ልቅሶ ቤት የሚሰማው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚል ማጽናኛ ነው። ለሐዘንተኛ መድኃኒት ነውና ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ያው ቃል ከልቅሶ ቤት ወጥቶ ግንባታ ቦታ ሲገባ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ማን እንዳሠረው፣ ማን እንዳየው፣ ሕዝቡን ማን «ውጡ» እንዳለው የሚጠይቀውን ሰው ከሃዲ ያስመስለዋል። «ሰይጣን ነው» ማለትም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለትም በዚህ ይገናኛሉ፤ በሁለቱም የሰው ስም ከመዝገቡ ይወጣል።

መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሄኖክ ራሱ በምዕራፍ 98 ከምዕራፍ 10 ጋር የሚከራከር ይመስላል። ኃጢአት ወደ ምድር ተልኮ የመጣ ሳይሆን ሰዎች ከራሳቸው ያፈለቁት መሆኑን፣ የሚሠሩትም በየዕለቱ በሰማይ እንደሚጻፍ ይናገራል። ሊቃውንት መጽሐፉ በተለያየ ዘመን የተጻፉ ክፍሎች ጥምር ስለሆነ ድምፁ እንደሚለያይ ያስረዳሉ። ይሁን። ለብረት ሠራተኛ ግን ሁለተኛው ድምፅ ይበጀዋል። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 31 ወርቅና ናስ እንዲሠራ መንፈሱን የሞላበትን ባስልኤልን እግዚአብሔር በስሙ እንደ ጠራው ይናገራል። ጥበቡ ከአዛዝኤል መጣ ወይስ ከባስልኤል የሚለው ክርክር በመስመሩ ላይ ስንጥቅ ሲገኝ አይረዳም። የሚረዳው በመስመሩ አንጻር ስም መኖሩ ነው። የተረገመ ነው የተባለ ባለ እጅ ለሥራው ሲጠየቅ፣ በዚያው መጠን እንደ ሰው ይቆጠራል፤ ሰይጣን ያሠራዋል የሚባል ግን ተጠያቂም ተመስጋኝም አይሆንም።

በእርግጥ የጀርመኑ መዝገብም ጉድለት አለው። የበየደውን እጅ ይጽፋል፤ ዝናብ እያካፋ «ዛሬ ማለቅ አለበት» ያለውን አፍ አይጽፍም። በንዑስ ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጭ ተቀጥሮ ከሩቅ አገር የመጣ በያጅ ደግሞ «ኤሌክትሮዱ አልደረቀም» ብሎ ሥራ ለማቆም ልቡ የሚሞላው መቼ ነው?

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 የእሳት ወላፈን ሥጋውን የሚፈጀውን ባለ እጅ በርኅራኄ ይሥለዋል። ያለ እሱና ያለ መሰሎቹ ከተማ እንደማይኖር፣ በሸንጎ ግን እንደማይጠየቁ፣ ጸሎታቸውም ሥራቸው ውስጥ መሆኑን ይጨምራል። ዛሬ በአዲስ አበባም በክፍለ ሀገርም ብዙ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ጉልላቱን የሚሸከመው የተበየደ ብረት ነው፤ ወጪው ላይም ከፍራንክፈርት የተላከ ዩሮ ሳይቀር ይገባበታል። ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የለጋሾችን ስም እስከ መጨረሻዋ መቶ ብር ይመዘግባል፣ በዐውደ ምሕረት ያስነብባል። ጉልላቱን ማን እንደ በየደው፣ ወጥቶ ማን እንደ መረመረው፣ በስንት ቀን እንዲያልቅ ማን እንዳዘዘ የሚጻፍበት ሁለተኛ ደብተር ግን በብዙ ቦታ የለም። ደብተሩ የሚያስወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው፤ የሚያስቸግረው በበያጁ ስም አጠገብ የኮሚቴው ሰብሳቢም መፈረም ያለበት መሆኑ ነው።