የሳሳ አየርና የከበረ መኪና

ከወረታ ተነሥቶ ዓለም በርን አልፎ ደብረ ታቦር የሚገባ መኪና፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የፎገራ ሜዳ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ተሳፋሪው ጆሮው ድፍን ይልበታል፤ ሞተሩ ደግሞ ሁለቱም የማያዩትን ነገር ያጣል። ደብረ ታቦር ላይ ያለ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ጋር ቢመዘን ሩብ ያህል ይጎድለዋል። መኪናውን የትም ጋራዥ ቢወስዱት ይህን ጉድለት የሚሞላ መካኒክ አይገኝም፤ የተበላሸ ዕቃ የለምና።

እንግዲህ በዚህች ከተማ አሮጌ መርሴዲስ የያዘ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከፋብሪካው የመጣውን ጥቁር የፊልትሮ ቤት ትኩር ብሎ ያያል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያየው ወይም ከዱባይ የመጣ ወዳጁ ያሳየው የሚያብለጨልጭ ቧንቧና ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ትዝ ይለዋል። «ጋሼ፣ ይኼ ሞተር እኮ ታፍኗል፤ ይተንፍስ እንጂ!» ይለዋል መካኒኩን። ጥያቄው የመለዋወጫ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ከዕቃው በፊት መታየት ያለበት ፈላጊው የሚፈልገው ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ከፍታ ላይ ቧንቧው እሰጣለሁ የሚለውና በእውነት የሚሰጠው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር መኪናውን በስሙ እንያዘው። መርሴዲስ 230 ኢ፤ ደብልዩ 124 የሚባለው ቦዲ፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 የተመረተው። አራት ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር፣ የጭስ ማጣሪያ ለሌለው ደግሞ ፋብሪካው የጻፈለት ጉልበት 136 ፈረስ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ያጣል በሚለው የመሐንዲሶች ግምት ብንሄድ፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ የቀረው 100 አካባቢ ነው። የሚገርመው፣ ከጠፉት 36 ፈረሶች 24ቱ ወረታ ላይ ሳለም አልነበሩም። ባለቤቱ መኪናው ዳገቱ ላይ የደከመ ይመስለዋል እንጂ ባሕር ዳርም ላይ ያው ደካማ ነበር፤ ሜዳው ሸፍኖለት ነው።

ቧንቧ መለወጥ እነዚህን ፈረሶች ይመልሳል? አንድ ሊትር ቤንዚን በወጉ ለማቃጠል 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። ይህ አየር ወደብ ላይ ከ9 ሺህ ሊትር ብዙም ያልበለጠ ቦታ ሲይዝ፣ ደብረ ታቦር ላይ ከ12 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። ሞተሩ ደግሞ በሁለት ዙር የሚጎርሰው 2.3 ሊትር ነው፤ አፉን ቢያሰፉለት ጉርሻው አይተልቅም። ንጹሕ ፊልትሮ ያለው የፋብሪካ ሳጥን የሚያስቀረው አየር እጅግ ጥቂት ነው፤ አዲሱ ቧንቧ ሊመልስ የሚችለውም ያችኑ ጥቂት ብቻ ነው። ውጭ ያለው አየር የሳሳ ከሆነ በሰፊ ቧንቧ የሚገባውም የሳሳ ነው።

ሳስቶ የመጣን አየር የሚያሸንፈው መግፋት ነው። ብረት ቀጥቃጭ ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ፍሙ ሲደክምበት ወናፉን ቶሎ ቶሎ ይነፋል እንጂ የምድጃውን አፍ አያሰፋም። ዛሬ የጉና ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ይህን የከበረ መኪና እያለፈው የሚሄደው ቱርቦ ያለው የጭነት መኪናም ሥራው ያው የወናፍ ሥራ ነው፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። የመርሴዲሱ ባለቤት በአይሱዙ መቀደሙ ያንገበግበዋል። ብስጭቱ ይገባኛል። መድኃኒቱ ግን ቧንቧ ቤት የለም።

ይህ አገር ደግሞ ከባድ ነገር ያለ ሞተር የተጎተተበት አገር ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ አቅልጠዋል። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ተራራውን እያስቆፈሩና መንገድ እያስጠረጉ ያንን ብረት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት ወስዷል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ የምናየው አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ ቀርቷል። ስለዚያ ጉዞ ሲወራ የሚነሣው የንጉሡ እልክ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የጎታቾቹ ሳንባ ነው፤ የተነፈሱት ይህንኑ የሳሳ አየር ነበር።

ስለዚህ ሳንባ ሳይንስም የሚለው አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ሰሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳትመው ነበር። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ነዋሪ አየር ሲያንሰው ደሙ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ያበዛል። የሰሜን ሰው ግን እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም፤ የሄሞግሎቢኑ መጠን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የሚለይ አልነበረም። ደሙን ሳያወፍር በሌላ መንገድ ለምዶታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ተጨማሪ ሳይጠይቁ ባለው መኖርም አንድ የጉልበት ዓይነት ነው ብዬ አሰብኩ። ሞተር ይህን አይችልም፤ ሰው ካላስተካከለለት በራሱ የሚለምደው ነገር የለም።

ማስተካከል ስል ቧንቧውን ማለቴ አይደለም። የ230 ኢ ሞተር ቤንዚን የሚመጠነው ኬኢ-ጄትሮኒክ በሚባለው የቦሽ ሥርዓት ነው። ከፊልትሮው ቤት ሥር አንዲት ክብ ሳህን አለች፤ የሚገባው አየር ሲገፋት ትንቀሳቀሳለች፣ በእንቅስቃሴዋም ልክ ቤንዚን ይለቀቃል። ሳህኗ ግን የአየሩን ስፋት እንጂ ክብደቱን በትክክል አትለይም። አየሩ በሳሳ ቁጥር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ታስለቅቃለች። ይህን የሚያርም የከፍታ መለኪያ የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ፤ ያልተገጠመላቸው ወይም ከዘመን ብዛት የሞተባቸውም አሉ። እንዲህ ያለው መኪና ካንዴላው ቢፈታ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል፤ ጠዋት ሲነሣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ዳገት ላይ ያቃስታል። ባለቤቱ «ታፍኗል» የሚለው ይህንን ነው። ሞተሩ የታመመው ግን ጠግቦ ነው፤ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ድብልቁን ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክል እጁ የተባረከ መካኒክ ከየትኛውም ቧንቧ ይልቅ መኪናውን ያነቃዋል። በተቃራኒው ያቺን ሳጥን አንሥቶ በብየዳ የተገጣጠመ ቧንቧ የሚያስገባ ሰው፣ ከሳህኗ ወዲያ ቀጭን ቀዳዳ ከተወ ያልተለካ አየር ሾልኮ ይገባል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ስለ ሙቀትም ጥቂት ልበል። ደብረ ታቦር ጠዋት ውጭ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ እያለ ዳገት በሚወጣ መኪና ኮፈን ሥር ያለው አየር 55 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በ40 ዲግሪ የሞቀ አየር 12 በመቶ ያህል ይሳሳል። የፋብሪካው ሳጥን ቀዝቃዛ አየር ከፊት በኩል የሚያመጣ ቱቦ አለው፤ ኮፈን ሥር ራቁቱን የተተከለ ሾጣጣ ፊልትሮ ግን የሚስበው የራዲያተሩንና የሞተሩን ትኩሳት ነው። በከፍታው ምክንያት ሩብ ያህል ያጣ ሞተር በገንዘብ በተገዛ ዕቃ ተጨማሪ እንዲያጣ ይደረጋል። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ያ የፊት ቱቦ ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። እሱን ፈልጎ መመለስ በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ በጣም ርካሹና ጠቃሚው ሥራ ሆኖ ሳለ ማንም የማያወራለት ስለማያብለጨልጭ ይመስለኛል።

አቧራውን በተመለከተ ጨዋታ የለም። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር የሚገባ መኪና የውድማ ጊዜ ሲደርስ የሚስበው አቧራ ብቻ አይደለም፤ ገለባም አብሮ ይገባል። አንዱን የወረቀት ፊልትሮ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። በአቧራው በኩል እጥፋቶቹ መካከል አመድማ ትቢያ ተጋግሮ፣ የገብስ ገለባ ተሰክቶ፣ አንዳንዴም የደረቀች ንብ ተኝታ ታያላችሁ። ከዚያ ገልብጣችሁ ንጹሑን ጎን በጣት ጥረጉት። ጣታችሁ ላይ የሚሻክር ነገር ከተገኘ ያ ነገር ሲሊንደር ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። ድንጋይ ነው፤ የፒስተን ቀለበትና የሲሊንደር ግድግዳ ይፍቃል፤ መኪናውም ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ መጨረሻውም ሞተር ማውረድ ነው። በዘይት የራሰው የጥጥ ፊልትሮ እየታጠበ ብዙ ዓመት ያገለግላል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ደቃቁን አቧራ በመያዝ ጥሩ ወረቀት ይበልጠዋል፤ ቀጥለው በመጡትና አየሩን በጋለ ፊልም በሚለኩት የዚያው መርሴዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዘይቱ ከበዛ መለኪያውን ያቆሽሻል። ወረቀቱን በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ቢሆን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ አድርጎ፣ በስሱ ነው። ጎሚስታው በሙሉ ጉልበት ሲነፋበት ወረቀቱ ይበሳል፤ የተበሳ ፊልትሮ ከቆሸሸው ይብሳል። (ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ የተገኘበትም ጊዜ አለ፤ መኪና ብዙ ለሚያቆም ሰው ይህንንም ማየት አይከፋም።)

ይህ ሁሉ ተብሎም ቧንቧውን የገጠመ ሰው «ተሻሽሏል» ይላል፤ እየዋሸም አይደለም። የሚሰማው ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ከኮፈኑ ሥር የሚመጣው ጉርምርምታ አዲስ ነው፤ በፋብሪካው ሳጥን ጊዜ አልነበረም። ያ ሳጥን ድርብ ሥራ ነው የተሰጠው፤ አየር ያጣራል፣ ድምፅም ይውጣል። ቅርጹን የሠሩት መሐንዲሶች የሞተሩ ጉርጉርታ ሳጥኑ ውስጥ ተጋጭቶ እንዲጠፋ አስበውበታል። የከበረ መኪና ከተራው የሚለየው ደግሞ በዚህ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ውጭው ይቀራል፣ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ የሚንቀሳቀሰውን መርፌ ማየት ያስፈልጋል። ዝምታው ተከፍሎበታል። ሳጥኑን የሚያወልቅ ሰው እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስወግደው መኪናውን ያስከበረውን ነገር ነው።

ይህን ስል ልፈርድበት አይደለም። መኪናው ሲመረት አንደኛው ገዢ የፈለገው ሰው ሳይሰማው ማለፍን ነበር። አራተኛው ወይም አምስተኛው ባለቤት ግን በዘመኑ የማይደርስበትን መኪና ዛሬ ይዞ፣ አይሱዙ እያለፈው፣ ባጃጅ እየከበበው፣ ዝምታው ክብር መሆኑን ማን ይነግርለታል? እንዲሰማለት ይፈልጋል። ጉልበት በጠፋበት ከፍታ ላይ የጉልበት ድምፅ ምትክ ይሆናል። ፍላጎቱ የሰው ፍላጎት ነው፤ ስሙ ግን ጉልበት ሳይሆን መሰማት ነው። በስሙ ከጠራው ዋጋውን አስቦ ሊከፍል ይችላል፤ ጉልበት ነው ብሎ ከገዛው ግን ጉልበቱን ፍለጋ ቀጥሎ ማርሚታ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መለወጡ አይቀርም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ነገሩ ሌላ ገጽ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር አየር አይፈልግም፤ ጅቡቲ ላይ ያለው ጉልበት ጉና ላይም ያው ነው። የከፍታውን ግብር የሚከፍሉት አሮጌዎቹ ብቻ ሊሆኑ ነው። እንግዲህ 230 ኢ ይዞ ከኤሌክትሪኮቹ ጋር በጉልበት መፎካከር ከሁለት ወገን ኪሳራ ነው፤ ጉልበቱም አይገኝም፣ ዝምታውም ለእነሱው ይተዋል። አሮጌውን ለመያዝ ምክንያት አለ፤ በእጅ የሚፈታና የሚገጠም መሆኑ፣ መካኒኩ ቀልቡን ሰጥቶ የሚሠራው መሆኑ። እነዚህ ምክንያቶች በሾጣጣ ፊልትሮ አይጨምሩም።

ስለዚህ ምረጥ ብባል የተሟላውን የፋብሪካ ሳጥን፣ የፊት ቱቦውን ጭምር፣ ስሙ የታወቀ የወረቀት ፊልትሮ፣ ከዚያም ለ2,700 ሜትር የተስተካከለ ድብልቅ እመርጣለሁ። ድምፁ ካልሆነልኝ የሚል ደግሞ ቢያንስ ዙሪያውን ተዘግቶ ቀዝቃዛ አየር ከፊት የሚስብ ዓይነት ይፈልግ፤ መጋጠሚያዎቹ አየር አለማሾለካቸውን ሳያረጋግጥ ከጋራዥ አይውጣ። ያወለቀውን ጥቁር ሳጥንም ከነመቆለፊያ ክሊፖቹ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥ እንጂ አይጣል፤ መኪናውን ሊሸጥ ባሰበ ቀን ነገር የገባው ገዢ ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት እንዳለ ነው።