ጨዋታና ቁም ነገር

ሰው በሥራው ይለካል ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሥራው ያስገኘው ጥቅም ነው። እርሻው እህል፣ ሽመናው ልብስ፣ ግንበኝነቱ ቤት ሲያስገኝ ድካሙ ዋጋ ያለው ድካም ይባላል። ታዲያ እህልም ልብስም ቤትም ለማያስገኝ ነገር ጊዜውንና ዕውቀቱን የሚያፈስ ሰው ምን ሊባል ነው? ሠራተኛ ነው ወይስ ሥራ ፈት? ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ተሰብስበው የባቡር አምሳያ የሚሠሩበት ማኅበር ነው።

ከእነዚህ ማኅበራት በስፋት የታወቀው፣ በአሜሪካ፣ በኬምብሪጅ ከተማ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች በ1946 ዓ.ም. የመሠረቱት ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ለረጅም ጊዜ የኖረበት ቤት «ሕንፃ 20» ይባል ነበር። ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ለራዳር ምርምር ተብሎ ለጊዜው ከእንጨት የተሠራ፣ ነገር ግን እስከ 1998 ዓ.ም. ሳይፈርስ የቆየ ቤት ነው። በውስጡ የተዘረጋው መስመር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ባቡሩ መንገደኛ አያሳፍርም፤ ፉርጎው ጭነት አያደርስም፤ ጉዞውም ከአንድ ክፍል ግድግዳ አያልፍም።

አባላቱ በዝንባሌያቸው ሁለት ወገን ነበሩ። አንዱ ወገን ከጠረጴዛው በላይ ሎኮሞቲቭ ይቀባል፤ ተራራና መንደር ያበጃል። ሌላው ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሽቦ ከሽቦ ያገናኛል። ይህ ሁለተኛው ወገን ለቴሌፎን ማዞሪያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መቀያየሪያዎችን በብዛት ሰብስቦ፣ የቴሌፎን መደወያ በማዞር ባቡሮቹን የሚያዝዝበትን ዘዴ ፈጠረ። ለጉብኝት የመጣ ሰው የሚያደንቀው የላዩን ነው፤ ያን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን የሥሩን ሥራ ግን ከሠሪዎቹ በቀር የሚያየው የለም።

ለማኅበሩ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የታወቀ መከራከሪያ አላቸው። ከጠረጴዛው ሥር ሽቦ ሲያገናኙ ከነበሩት መካከል እነ ፒተር ሳምሰንና አለን ኮቶክ፣ በ1958 ዓ.ም. ወደ ኢንስቲትዩቱ ወደ መጣው ቲኤክስ-ዜሮ ወደተባለው ኮምፒዩተር ተሻገሩ። በ1962 ዓ.ም. ስቲቭ ረስል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነውን «ስፔስዋር»ን ሠራ። እንግዲህ ጨዋታው ፍሬ አፍርቷል፤ ስለዚህ ከንቱ አልነበረም ይላሉ።

ይህ መከራከሪያ ግን ጨዋታውን የሚያድነው መልሶ ለጥቅም በመሸጥ ነው። ሳይታሰብ የተገኘ ፍሬ የሥራ ሁሉ ሚዛን ከሆነ፣ ከባቡር በቀር ሌላ ያላፈሩ ማኅበራት ሁሉ ሊኮነኑ ነው። ከዚህም በላይ፣ የእንጨቱ ቤት ሊፈርስ ሲል ማኅበሩ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ ሐዲዱን እንደገና መዘርጋት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር በየቤቱ ገብቶ ነበር። ተስፋ የሚደረግ ፍሬ ሳይኖር ጉልበትን የጠራው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ያ ነገር ለሥራው እውነተኛ የመሆን ፍላጎት ነው። ሽቦ አያዳላም፤ ማዕረግ አይሰማም፤ በንግግር አይታለልም። በትክክል ከተያያዘ ባቡሩ ይሄዳል፤ ካልተያያዘ ይቆማል። ደመወዝ ሳይከፈለው፣ አለቃ ሳይቆጣጠረው፣ ተመልካች ሳያጨበጭብለት፣ በማይታይ ስፍራ ያለውን ሥራ እንደሚታየው አጥርቶ የሚሠራ ሰው፣ ብዙ ደመወዝተኞች ያልተማሩትን ታማኝነት ተምሯል።

ይሁን እንጂ ጠረጴዛው የራሱ ፈተና አለው። በትንሿ ዓለም ረሃብ የለም፤ ለቅሶ የለም፤ ባቡር ቢገለበጥ በሁለት ጣት ይነሣል። ሁሉ የሚታዘዝበትን ዓለም የለመደ ሰው፣ የማይታዘዘው ትልቁ ዓለም ሊሰለቸው ይችላል። ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ለመሣሪያ ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ የተቆለፈ በር መክፈትን እንደ መብት ይቆጥሩ እንደነበር ተጽፏል። የሙያ ፍቅር የሌላውን ሰው መብት ሲያስረሳ፣ ፍቅርነቱ ቀርቶ ስስት ይሆናል።

ይህን ፈተና የሚያቀለው ማኅበርተኝነቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንዱ የዘረጋው ሐዲድ ሌላው ከዘረጋው ጋር ይጋጠማል፤ የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉንም ባቡር ያቆማል። ብቻውን የሚጫወት ሰው በትንሿ ዓለሙ ንጉሥ ነው፤ በማኅበር የሚሠራ ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ጨዋታን ቁም ነገር የሚያሰኘው፣ ሰውየው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ወደ ትልቁ ዓለም ሲመለስ ያንኑ ጥንቃቄና ያንኑ ጉርብትና ይዞ መመለሱ ነው። ይዞ ካልተመለሰ፣ ባቡሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።