ማንበብ ለማይችል ማሽን

ልጄ፣ የስቲከርና የወረቀት መቁረጫ ማሽን ገዝተህ እቤትህ ሥራ ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ክሪከትም ሆነ ሲሉዌት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ለሚያውቅበት ሰው ግን እንጀራ ይሆናል። መርካቶ ተወልደህ ስላደግህ ገበያውን እኔ አልነግርህም። መስከረም ሲጠባ በተማሪ ደብተር ላይ የሚለጠፍ ስም ይፈለጋል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ይፈለጋል። የልደት ኬክ ላይ የሚሰካ ጽሑፍ፣ የማርና የበርበሬ ማሸጊያ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ደግሞ ወቅት አይጠብቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስለ ምላጩ ጠየቅኸኝ፤ ስለ ስቲከሩ ዓይነት ጠየቅኸኝ፤ ማሽኑ በቀን ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅኸኝ። ከመቁረጡ በፊት ስላለው ዝግጅት ግን አንድም ጥያቄ አላነሣህም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ወደ ማሽንህ ከመሄዳችን በፊት፣ ፊደላችን ከባዕድ ማተሚያ ጋር የተገናኘበትን አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ። ታገሠኝ።

እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ሮም ነበሩ። ዘመኑ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ሀገሩን ያናወጠበት ዘመን ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያርፉበት በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ ነበር። ሐሳባቸው ትልቅ ነበር፤ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል እዚያው ሮም ታትሞ ወጥቶ ነበር። ይህኛው ሥራ ግን ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ታንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከሚባሉ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሥራውን ያዙ። ማተሚያ ቤቱ የቫሌሪዮ ዶሪኮና የወንድሙ የሉዊጂ ነበር። አብዛኛው ክፍል በ1548፣ የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ወጡ።

የማተሚያ ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩት የዶሪኮ ፊደል ለቃሚዎች የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ግእዝ ግን ማንበብ አይችሉም። ሃያ ምናምን ፊደል ለለመደ እጅ፣ የእኛ ሃያ ስድስቱ በሰባት ሲባዙ 182፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከ200 በላይ ፊደል ተደቀነበት። በዚያ ላይ የማተሚያ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። ለማያነብ ሰው የተገለበጠ «ቡ» ከተገለበጠ «ቢ» በምን ይለያል? አንዲት ጭረት ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። መነኮሳቱ እያንዳንዷን ጭረት ያውቃሉ፤ ፊደል መልቀም ግን አያውቁም። የሚያነበው አይሠራም፤ የሚሠራው አያነብም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን አልደበቁም። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ እንደሠሩ በመጽሐፉ ውስጥ ገልጸው፣ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለመኑ።

ሌላም ጉድለት ነበረባቸው። የሐዋርያት ሥራ ግእዝ ቅጂያቸው የተሟላ አልነበረም። ስለዚህ አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ሀገር ቤት ልከው የጎደለውን ማስመጣት በዚያ ዘመን እንዴት ይቻላል?

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። ግእዝ የሚያነብ ለቃሚ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ ይችሉ ነበር። አልጠበቁም። እኔ አልፈርድባቸውም። በባዕድ ሀገር፣ በሰው ማተሚያ ቤት፣ ዕድሉ እጃቸው ላይ ሳለ ቢያሳልፉት ያ መጽሐፍ ጨርሶ ላይታተም ይችል ነበር። ምርጫው ግን ዋጋ አስከፈለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ብራያን ዋልተን የብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1657 ሲያጠናቅቅ፣ የግእዙ ሐዲስ ኪዳን የተወሰደው ከዚሁ ከሮሙ ኅትመት ነበር። የሮሙ ስሕተት ለንደን ገባ፤ የለንደን ለቃሚዎች ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩበት። አየህ፣ በዋናው ላይ የቀረች ስሕተት ከቅጂው ጋር ባሕር ትሻገራለች።

ደጉንም ልንገርህ። ማሪያኖ ቪቶሪ የሚባል ጣሊያናዊ ከአባ ተስፋ ጽዮን ሥር ተቀምጦ ግእዝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1552 የግእዝ ሰዋስው አሳተመ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። መምህሩና ተማሪው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ፍሬው ይህ ሆነ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጠረጴዛህ ላይ ያለው ማሽን ከዶሪኮ ለቃሚዎች ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ እጁ የሠለጠነ ነው፣ አያነብም። ለእርሱ «ቢ» የምትባል ፊደል የለችም፤ ዙሪያዋን ምላጭ የሚዞርባት መስመር ብቻ ናት። ስለዚህ ማንበቡም ማሽኑን ማወቁም በአንተ ላይ ወድቋል።

ከፊደሉ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። የማሽኑ ፕሮግራም የተሠራው የላቲን ፊደል አስቦ ነው። በፈረንጅኛ ተያይዞ የሚጻፍ ጽሑፍ ሲቆረጥ አንድ ሆኖ ይወጣል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለህ ጽፈህ በካርቶን ብትቆርጠው፣ ኬክ ላይ የሚሰካ ጽሑፍ ሳይሆን የተበተነ ፊደል ታነሣለህ። መፍትሔው ዲዛይኑ ላይ ነው። ወይ ከፊደሎቹ ግርጌ አንድ መስመር አድርገህ ፊደሎቹ ትንሽ እንዲነክሱት ታደርጋለህ፤ ወይ ከኋላቸው የጽሑፉን ዙሪያ የተከተለ ሰፋ ያለ ጥላ ታኖራለህ። ከዚያ «ዌልድ» በምትለው ትእዛዝ አንድ አካል ታደርጋቸዋለህ። ይህን ከረሳህ ማሽኑ በተነካከሱበት ቦታ ሁሉ ምላጭ ያሳልፋል።

ቀጥሎ ጭረቶቹን ተመልከት። የ«ቡ» ጭረት፣ የ«ቢ» ጭረት፣ የ«ቤ» ቀለበት ትንንሽ ናቸው። ፊደሉ ሲያንስ ምላጩ ቀለበቷን ይቀድዳታል፤ ጭረቷ ስቲከሩ ሲላጥ አብራ ትነሣለች። ያን ጊዜ «ቢ» የነበረችው «በ» ሆና ትቀራለች። የሙሽሪት ስም ተለወጠ ማለት ነው። የደንበኛህ እናት መጥሪያውን ስትቀበል «ማሽኑ ነው» ብትላት አትሰማህም፤ ልክም ናት። ስለዚህ ለመቁረጥ ወፍራምና ቀጭን የማይፈራረቅበት ፎንት ምረጥ። ለዊንዶውስ የተሠራው ኒያላ ለንባብ ያማረ ነው፤ ቀጫጭን ቦታዎቹ ግን ለምላጭ አይመቹም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ውፍረቱ እኩል ነው፤ ደማቅ ዓይነትም አለው።

የፊደል ሆድ የሚባለውንም አትርሳ። «ወ»፣ «ዐ»፣ «መ»፣ «ቀ» በውስጣቸው የተዘጋ ባዶ ቦታ አላቸው። ስቲከር ከሆነ ችግር የለም። ቀለም የሚነፋበት ቅርጽ፣ ማለትም ስቴንስል ከሆነ ግን የሆዱ ቁራጭ ይወድቅና ፊደሉ ድፍን ይሆናል። ቁራጩን ከዙሪያው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ራስህ ሣልለት።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ አሮጌ ፋይል በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግእዝ ፕሮግራም የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ያስቀምጠው ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ስትከፍተው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ይደረደርብሃል። በግምት አትሙላው። ደንበኛውን ወረቀት ላይ የታተመ ቅጂ ጠይቀውና በዩኒኮድ ፎንት እንደገና ጻፈው። አንተም ለሌላ ሰው ፋይል ስትሰጥ ጽሑፉን «ከርቭ» አድርገህ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ለውጠህ ስጥ፤ ፎንቱ ባይኖረውም ቅርጹ አይለወጥበትም። የሚታረመውን ቅጂ ግን ለራስህ አስቀር፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይተየብም።

ምስልም እንዲሁ ነው። ሰዎች አርማቸውን በቴሌግራም ይልኩልሃል። በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቃል፤ ስልክ ላይ የጠራው አርማ ሲታተም ዳር ዳሩ ይሻክራል። «በፋይል ላክልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም፣ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ስቲከር ወደ 1,200 ፒክስል ያስፈልግሃል። ጄፔግ ከሆነ ነጩ ጀርባ አብሮ ስለሚመጣ ማሽኑ አርማውን ትቶ አራት ማዕዘኑን ይቆርጥልሃል፤ ጀርባው የተነሣ ፒኤንጂ አዘጋጅ። አባ ተስፋ ጽዮን የጎደላቸውን ክፍል ማስመጣት አልቻሉም ነበር። አንተ የጎደለህ ነገር ያለው እዚያው ሰባተኛ ወይም አውቶቡስ ተራ፣ ከደንበኛህ ስልክ ውስጥ ነው።

አትመህ የምትቆርጥ ከሆነ፣ ማተሚያውና መቁረጫው የሚግባቡት በገጹ ዳር በሚታተሙት ጥቁር ምልክቶች ነው። ማሽኑ ምልክቱን በመብራት ያነባል፤ የሚያነበው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የሚያብረቀርቅ ስቲከር መብራቱን እየመለሰ ያሳስተዋል፤ ምልክቶቹ ላይ የማያብረቀርቅ ስኮች ለጥፍ። ፕሮግራሙ የአሜሪካውን ወረቀት፣ 216 በ279 ሚሊሜትሩን፣ መርጦ ሊጠብቅህ ይችላል። የእኛ ገበያ ኤ4 ነው፤ 210 በ297። ወረቀቱን ሳትቀይር «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን ከተውከው ማተሚያው ዲዛይኑን ያሳንሰዋል፣ ምላጩ ግን በቀድሞው ልክ ይሄዳል። መጠኑን 100 በመቶ ላይ አድርግ። ቀለሙንም ከመቁረጫው መስመር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አሳልፈህ አስፋ። ምላጩ ጥቂት ቢንሸራተት ነጭ ጠርዝ አይታይብህም።

ቲሸርት ላይ በካውያ የሚለጠፈውን ስትቆርጥ ጽሑፉን ገልብጠው። እዚህ ላይ አንተም እንደ ሮም ለቃሚዎች ትሆናለህ፤ የተገለበጠ አማርኛ ዓይንን ያታልላል። ስለዚህ ከመገልበጥህ በፊት አንብብ፤ ከገለበጥክ በኋላ ለማረም አትሞክር። አንተ የጻፍከውን ደግሞ ሌላ ሰው ያንብብልህ። እናትህ ቢሆኑ፣ ጎረቤትህ ያለች ተማሪ ብትሆን ግድ የለም። ከዚያ ለደንበኛው ምስሉን ልከህ «ይሁን» የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበል። ይህ ሁሉ ሻይ አፍልቶ ከመጠጣት አይበልጥም። አንድ መቶ ካርድ እንደገና መሥራት ግን የሳምንቱን ትርፍ ይበላል። ወረቀቱን የሚመልስልህ የለም።

የመጀመሪያ ሥራህ የደንበኛ አይሁን። ከ«በ» እስከ «ቦ» ሰባቱን በ3 ሴንቲሜትር ቁመት ቁረጥ፤ ከዚያ በ2፣ ከዚያ በ1፣ ከዚያም በግማሽ። በወረቀት አንድ ጊዜ፣ በስቲከር አንድ ጊዜ። የ«ቤ» ቀለበት በየትኛው መጠን እንደሚቀደድ፣ የ«ቢ» ጭረት በየትኛው እንደሚነሣ ከጎኑ ጻፍበትና ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ደንበኛ መጥቶ «ስሙ ትንሽ ይሁንልኝ» ሲልህ፣ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ወደ ግድግዳው ውሰደውና አሳየው።