የጥንት ከተማ ክብር ከምን ይመጣል?

ጥንታዊት ከተማ ስናይ፣ ሽበታም ሽማግሌ እንደ ገባ ሁሉ፣ ከመቀመጫችን ብድግ ማለት ይቃጣናል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ያስከብራልን? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በጅቡቲ በሆዳን ሆነን ነው። ሆዳን በበልበላ ያለ አዲስ ሰፈር ሲሆን ስሙ በሶማልኛ «ባለጸጋ» ማለት ነው፤ ስምና ኑሮ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ከዚህ ባሕረ ሰላጤውን ወደ ሰሜን ለተሻገረ ግን ታጁራ የምትባል ትንሽ ጥንታዊት ከተማ አለች።

ጅቡቲ የተቆረቆረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የምድር ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከዚያ አስቀድሞ የሸዋ የባሕር በር ታጁራ ነበረች፤ የአፋር ሱልጣንም መቀመጫ ነበረች። በ1839 ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት የወንጌል መልእክተኞች በታጁራ ወርደው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ባለው በአሳል የጨው ሐይቅ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በሎንዶን አሳተመ። በዚሁ መንገድ ግን የቃሉ መልእክተኞች ሲወጡ ምርኮኞች ይወርዱ ነበር፤ ከኦሮሞ፣ ከጉራጌና ከሌላውም አገር የተነጠቁ ልጆች በዚያ በረሃ በእግራቸው ተነድተው በታጁራ ለባሕር ማዶ ይሸጡ ነበር።

እንግዲህ ታጁራን እናክብራት ወይስ እንንቀፋት? ለመፍረድ ከመቸኰላችን በፊት ስለ ሌላይቱ ትንሽ ከተማ እናስብ። የስዊድን ጥንታዊት ከተማ ሲግቱና በ980 ገደማ በሜላረን ሐይቅ ዳር ተቆረቆረች። የአገሪቱ የመጀመሪያው ገንዘብ በ995 ገደማ የተሠራው በእርስዋ ነው። በ1187 ወራሪዎች አቃጠሉዋት፤ በኋላም ስቶክሆልም ስትገን እርስዋ አነሰች። ዛሬ የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናትዋ ግድግዳ በአድናቆት ይታያል። ሆኖም በዚያችም አገር ባሪያ ነበር። ንጉሥ ማግኑስ ከክርስቲያን ወላጆች የተወለደ ሰው ባሪያ እንዳይሆን የደነገገው በ1335 ነው፤ ይህም ንጉሥ ኦሎፍ ከተጠመቀ ከ300 ዓመት በላይ ቈይቶ መሆኑ ነው!

«የዘመኑ ልማድ ነበር» የሚሉ አሉ። ይህ መልስ ለታሪክ ተማሪ ይበቃው ይሆናል፤ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ለምትነዳው ጥማተኛ ልጅ ግን ምንም አልነበረም። ደግሞም እኛ የደጋ ሰዎች በታጁራ ላይ ጣታችንን ብንቀስር እናፍራለን። ታጁራ የተቀበለችው ከላይ የተላከላትን ነው። ልጁን ከእናቱ ጉያ የነጠቀው፣ በገበያም ዋጋውን የተከራከረው ከእኛው ወገን ነበረ። ስለዚህ የሽማግሌን ታሪክ ስንሰማ የሚያኮራውን ብቻ መርጠን ብንይዝ ሽማግሌውን አላከበርነውም፤ አሞኘነው እንጂ። ታጁራም ነጫጭ መስጊዶችዋና ምርኮኞችዋ በአንድነት ሲታወሱ ነው በእውነት የምትታወቀው።

ነገሩም ያለፈ ብቻ አይደለም። ዛሬም የአገራችን ወጣቶች በረሃውን አቋርጠው፣ ከታጁራ በስተምሥራቅ ካለችው ከኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ዋጋቸውንም የሚቈርጥ ደላላ አለ። በ2024 በሚያዝያ ወር ከየመን ይመለሱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያው ባሕር፣ በሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። ስንት እናት ገና መልእክት ትጠብቅ ይሆን!