በጽሑፍ ያለ ለማን ይወረሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የጽሑፍን ክብር አጉልቶ ቢያሳይም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። የተጻፈው የሚወረስ ከሆነ፣ ሳይጻፍ የቀረው ሕይወት ዕዳው በማን ላይ ነው? የታሪክ ጸሐፊ ላገኘው ሰነድ ታማኝ በመሆኑ ብቻ ግዴታውን ተወጣ ሊባል ይችላልን? ወይስ ሰነዱ ስለ ዘለላቸው ሰዎችም ይጠየቃል? ይህን በረቂቁ ከማብሰልሰል አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይዞ መመርመር ይበጃል።

በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን ከተማ በሚገኘው የየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የፕሮፌሰር ቻርልስ ማክሊን አንድሩስ ወረቀቶች በክብር ተጠብቀው ይገኛሉ። አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1863 ተወልደው በ1943 ያረፉ፣ ከ1910 እስከ 1931 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ የአሜሪካን የቅኝ ግዛት ዘመን በማጥናት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ምሁር ናቸው። ሌሎችን ሰዎች በወረቀታቸው ሲመረምሩ የኖሩት ሊቅ፣ ዛሬ እርሳቸውም በደብዳቤያቸውና በማስታወሻቸው የሚመረመሩ ሆነዋል።

የእኒህን ሰው ሥራ ማቃለል ፍትሕ አይሆንም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ብዙ የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች የቅኝ ግዛቱን ዘመን የሚመለከቱት ለነፃነቱ ጦርነት እንደ መቅድም አድርገው ነበር። አንድሩስ ግን የቅኝ ግዛትን ታሪክ ከገዢው ማዕከል ነጥሎ ማወቅ አይቻልም ከሚል እምነት ተነሥተው ወደ ለንደን ተሻገሩ። ዛሬ የብሔራዊ መዛግብት አካል በሆነው የሕዝብ መዛግብት ቤት ስለ አሜሪካ የሚናገሩ፣ እስከ 1783 ያሉ ሰነዶችን የሚጠቁም መመሪያ በሁለት ቅጽ አዘጋጅተው፣ በ1912 እና በ1914 በዋሽንግተኑ የካርኔጊ ተቋም አማካይነት ለኅትመት አበቁ። ከ1934 እስከ 1938 ደግሞ «የአሜሪካ ታሪክ የቅኝ ግዛት ዘመን» የተሰኘውን ባለ አራት ቅጽ ሥራቸውን አወጡ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1935 የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኘላቸው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሰፊ ሥራ ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ተቋም ነው። የሰፈራው ቻርተር፣ በ1696 የተመሠረተው የንግድ ቦርድ፣ ጉምሩኩና ፍርድ ቤቱ በየተራ ይቀርባሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወረቀት የጻፉትና ያስቀመጡት እነርሱ ናቸውና። ባሪያ የተደረገው አፍሪካዊ ግን ወደ መዝገቡ የሚገባው በዋጋው ነው። ቨርጂኒያ በ1662 የልጅ ባርነት ወይም ነፃነት የእናቱን ይከተላል ስትል ሕግ አወጣች። ሕጉ በጽሑፍ አለ፤ ወረቀቱም ለትውልድ ተላልፏል። ልጅዋን ስትወልድ ባርነትን አብራ ያወረሰችው እናት ያለችው ግን አልተጻፈም።

እዚህ ላይ፣ ሰነድ ከሌለ ጸሐፊው ምን ያድርግ የሚል ክርክር ይነሣል። መልሱን የሚሰጠን የዚያው ዘመን ሌላ ሥራ ነው። ኤልዛቤት ዶናን የተባሉት ምሁር ወደ አሜሪካ የተካሄደውን የባሪያ ንግድ ታሪክ የሚያሳዩ ሰነዶችን አሰባስበው ከ1930 እስከ 1935 በአራት ቅጽ አሳተሙ። አሳታሚው ያው የካርኔጊ ተቋም ነበር። በ1672 የተቋቋመው የንጉሣዊው አፍሪካ ኩባንያ መዛግብትም የሚገኙት በዚያው በለንደን የሰነድ ማከማቻ ነው። እንግዲህ የጎደለው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ለወረቀቱ የሚቀርበውም ጥያቄ ጭምር ነበር።

አንድሩስ አልዋሹም። ማንም ጸሐፊ ሁሉን መጻፍ አይችልምና መምረጥ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ከፊሉ የሙሉውን ስም ሲወስድ ነው። የቢሮዎችን ታሪክ የቢሮዎች ታሪክ ብሎ መጥራት ሐቀኝነት ነው። የዘመኑ ታሪክ ተብሎ ሲጠራ ግን ከመዝገብ የጎደለው ሰው ከዘመኑም እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

በሌላ በኩል ዝምታውን በፈጠራ መሙላትም መፍትሔ አይደለም። ዶናን ያሰባሰቡት ሰነድ እንኳ በአብዛኛው የሻጭና የገዢ ቃል እንጂ የተሸጠው ሰው ቃል አይደለም። በሙት አፍ የራስን ቃል አኑሮ እርሱ ተናገረ ማለት፣ ያንን ሰው ዳግመኛ ንብረት ማድረግ ነው። ጉድለቱን በጉድለትነቱ ማሳየት፣ «እዚህ ሰው ነበረ፤ ቃሉ ግን አልተጠበቀም» ማለት የሚከብድ ግን የሚገባ ሥራ ነው።

ይህ የማይቻል እንዳልሆነ ያው የአንድሩስ ዩኒቨርሲቲ አሳይቷል። የል በ2020 በጀመረው ምርመራ የገዛ መዛግብቱን በአዲስ ጥያቄ አገላበጠ። ከመሥራቾቹና ከቀደምት መሪዎቹ ቤት ከ200 በላይ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ተገኙ። ከግቢው አንጋፋ ሕንፃዎች አንዱ፣ ኮነቲከት ሆል፣ ሲሠራ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት እንደ ፈሰሰበት ታወቀ። በ2024 የጥናቱ መጽሐፍ ታተመ፤ ዩኒቨርሲቲውም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ወረቀቱ ቀድሞም ነበረ። አዲስ የሆነው ጠያቂው ነው።

ስለሆነም በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ዕዳውም ጭምር ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ ሰነድ ሲያነብ፣ የኪነት ሰውም ካለፈው ዘመን ታሪክ ሲቀዳ፣ «ምን ተጻፈ?» ከሚለው ጎን «ማን ጻፈው? ማንስ ሳይጻፍ ቀረ?» የሚለውን ማንሣት ይገባዋል። ይህን የማይጠይቅ ወራሽ ሀብቱን ተቀብሎ ዕዳውን የካደ ነው።