«ከየት ልጀምር?» ለሚል ሰው ምን እንመልስለት?

ሙዚቃ አብዝቶ የሚሰማ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ጥያቄ ይደርሰዋል፤ «ይሄ ኢንዲ ሮክ የምትሉት ነገር ምንድን ነው? አንድም ባንድ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?» ቀላል ይመስላል። ስልክ አውጥቶ አምስት የባንድ ስም ጽፎ መላክ ነው፤ አለቀ። እኔ ግን ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም። የሚጠይቀን ሰው የሚሰጠን ነገር አለ። ጊዜውን ይሰጠናል፣ ጆሮውን ይሰጠናል፣ «አላውቅም» በማለቱም ትንሽ ራሱን ያጋልጥልናል። ይሄን ሁሉ ተቀብለን የምንመልሰው ለማን ነው? ለሱ ወይስ ለራሳችን?

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ኢንዲ» የአንድ ዓይነት ድምፅ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የአሠራር መጠሪያ ነበር፤ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ በራስ ገንዘብና በራስ ውሳኔ ማሳተም ማለት ነው። በ1977 በዝኮክስ የሚባሉ የማንችስተር ልጆች ገንዘብ ተበድረው አራት ዘፈን ያላት ሸክላ ራሳቸው አሳተሙ። በዓመቱ ለንደን ያለው ራፍ ትሬድ የተባለ ሸክላ መሸጫ እሱም አሳታሚ ሆነ። በ1980 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዲስኮርድ፣ በ1981 ኒውዚላንድ ውስጥ ፍላይንግ ነን ተከተሉ። ሐሳቡ ለኛም እንግዳ አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1969፣ አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ሙዚቃው ሌላ ነው፤ ድፍረቱ ግን ያው ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በራሱ የሚያሳትም ሰው ለማስታወቂያ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ይሄ ሙዚቃ ከጥንቱም የኖረው በጥቆማ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ካሴት እየቀዳ፣ ሸክላ ቤት የሚሠራው ልጅ «ይቺን ስማት» እያለ፣ ጆን ፒልን የመሰለ ሰው በሬዲዮ እያጫወተ ነው እዚህ የደረሰው። ፒል ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስኪሞት ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ማንም የማያውቃቸውን ባንዶች ሲያሰማ ኖረ። በ1978 የአንደርቶንስን «ቲንኤጅ ኪክስ» አጫወተና ወዲያው ደገመው። አንዳንዴ ደግሞ ሸክላውን በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውት ነበር። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መሆኑን፣ ያውም የሚወድና የሚሳሳት ሰው መሆኑን፣ አድማጩ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ መልሶቹ እንምጣ። «ከየት ልጀምር?» ሲባል ሦስት ዓይነት መጥፎ መልስ ሲሰጥ አይቻለሁ።

አንደኛው ፈተና ነው። ጠያቂው ገና ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ጆሮ የሚበሳውን፣ ከሁሉም ከባዱን አልበም ይሰጡትና ፊቱን ያያሉ። ከወደደው «ከኛ ነው»፤ ካልወደደው «ባክህ፣ ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም»። የሚገርመው፣ እንዲህ የሚያደርጉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው። ብቻቸውን ሆነው የወደዱትን ነገር ሌላ ሰው ሲወደው የተቀሙ ይመስላቸዋል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ጠያቂው ግን ምንም አልቀማቸውም።

ሁለተኛው የታሪክ ትምህርት ነው። «ከፔቭመንት ‹ስላንትድ ኤንድ ኢንቻንትድ› ጀምር፤ የ1992 ነው፤ ከሱ በኋላ በመጡት ላይ ሁሉ አሻራው አለ።» እሺ፣ ትልቅ አልበም ነው። ግን ከሱ በኋላ ከመጡት አንዱን እንኳ ለማያውቅ ሰው ይሄ ምን ይነግረዋል? የልጅ ልጆቹን ሳያውቁ ከቅድመ አያትየው ጋር ለመተዋወቅ እንደመሄድ ነው። መጀመሪያ አንድ ዘፈን ይወደዳል፤ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» የሚለው ጥማት ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ሦስተኛው ማር ነው። ሰውየው የሚወደውን አይቶ፣ ያንኑ የሚመስል፣ ከዚያም ያን የሚመስል እየሰጡ መቀጠል። ምንም አይጎረብጥም፣ ምንም አያስደነግጥም። ይሄኛውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ማሽኖች እንዲሠሩት የምናዝዛቸው ሥራ ነው፣ እኔም እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ አስቡ፤ በአንድ በኩል አድማጮች፣ በሌላ በኩል ዘፈኖች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሰማ፣ ዘለለ፣ ደገመ የሚል ምልክት አለ። ማሽኑ የናንተን ረድፍ የሚመስሉ ረድፎችን ይፈልግና፣ እነሱ ሰምተውት እናንተ ያልሰማችሁትን ያመጣላችኋል። የዘፈኑን ድምፅ ራሱን የሚለኩ ዘዴዎችም አሉ። ኮዱ ውስጥ ክፋት የለም። ችግሩ፣ ማሽን «ጥሩ» የሚለው ነገር የሚገባው በሚቆጠር ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። እንዲህ ባለ ቁጥር የሚኖር ሥርዓት ውስጥ «ጥሩ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ያልተዘለለ» ወደሚለው መንሸራተቱ አይቀርም።

ጋላክሲ 500 የሚባል ባንድ ላይ የደረሰውን እዩ። በ1987 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመሥርተው ሦስት አልበም ካወጡ በኋላ በ1991 የተበተኑ፣ ዝግ ያለ፣ ሕልም የመሰለ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሦስት ሰዎች ናቸው። ድራመሩ ዴመን ክሩካውስኪ በ2018 አንድ ግራ ያጋባው ነገር ጻፈ። ከጥር 2017 ጀምሮ «ስትሬንጅ» የሚለው የ1989 ዘፈናቸው ስፖቲፋይ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ ርቆ መደመጥ ጀመረ። ለብቻው ወጥቶ የታወቀ ዘፈን አልነበረም። ነገሩ ሲጣራ፣ ስፖቲፋይ በዚያው ወር የሚሰማው አልበም ሲያልቅ ተመሳሳይ ዘፈን ራሱ የሚያስከትለውን አሠራር ለሁሉም አድማጭ ከፍቶት ኖሯል። «ስትሬንጅ» የተመረጠው ደግሞ ከዘፈኖቻቸው ሁሉ የሌሎችን ባንዶች ዘፈን አብዝቶ የሚመስለው እሱ ስለነበረ ነው።

ዘፈኑ መጥፎ አይደለም፤ እኔ እወደዋለሁ። ግን አስቡት፤ አንድ ባንድ ለዓለም የሚተዋወቀው እሱነቱ ከሁሉ በሚያንስበት ዘፈን ነው። እንግዳ ቤትህ ሲመጣ ጎረቤቶችህን በጣም የሚመስለውን ልጅህን ብቻ እንደማስተዋወቅ ያለ ነገር ነው።

ያም ሆኖ ማሽኑን ኮንኖ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። ማሽን ማንንም አይንቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሚዝን ብትከፍት «እስከዛሬ የት ነበርክ?» አይልህም። ሴት ከሆንሽ ደግሞ «ትወጃቸዋለሽ? እስቲ ሦስት ዘፈናቸውን ጥሪ» ብሎ ወንበር ላይ አስቀምጦ አይመረምርሽም። ብዙ ሰው ከጓደኛው ይልቅ ማሽኑን የሚመርጠው ስለማያሳፍረው ይመስለኛል። ይሄ የማሽኑ ምስጋና ከሚሆን የኛ ወቀሳ ቢሆን ይሻላል። አንዴ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ያ በር ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜው ይዘጋል። ስለ ጣዕም ብቻ የምናወራ ከመሰለን ተሳስተናል፤ አንድ ሰው ነገ አዲስ ነገር ለመሞከር ያለውን ድፍረትም እየነካን ነው።

ታዲያ ሰው የሆነ ጠቋሚ ምን ሊያደርግ ይችላል? አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከትዝታ ሌላ ብዙም የማትሰማ የሥራ ባልደረባዬ ከወራት በፊት ይሄንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም መልሼ መቼ እንደምትሰማ ጠየቅኳት። «ማታ፣ መብራት አጥፍቼ» አለችኝ። ሎው የሚባሉትን ነገርኳት። ከሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከምትባል ከተማ ናቸው፤ የሚዘፍኑት ባልና ሚስት፣ አለን ስፓርሃውክና ሚሚ ፓርከር ነበሩ፤ ሚሚ በ2022 አረፈች። በ1993 ሲጀምሩ የጊታር ባንድ ሁሉ በሚጮህበት ጊዜ እነሱ ቀስ ብለው፣ ዝቅ ብለው መጫወትን መረጡ። «ትዝታን ይመስላል ብዬ አይደለም» አልኳት፤ «አይመስልም። ግን አንቺ ቀስ የሚል ነገር ውስጥ መቆየት ትችያለሽ። ካልጣመሽ ደግሞ ንገሪኝ።»

በሳምንቱ መጣችና «ድምፃቸው ደስ ይላል፤ ግን ይበርደኛል» አለችኝ።

ይበርደኛል! ሎውን ለዓመታት ስሰማ ይሄ ቃል አንድም ቀን አልመጣልኝም። አሁን በሰማኋቸው ቁጥር ያ የሐይቅ ዳር ብርድ ይሰማኛል። ለሷም መንገዱ ተገኘላት፤ ቀስ ያለ ግን ሞቅ ያለ ነው የፈለገችው ማለት ነው። በ1997 የወጣውን የዮ ላ ቴንጎን «አይ ካን ሂር ዘ ሃርት ቢቲንግ አዝ ዋን» ሰጠኋት፤ እሱ ተስማማት። ልብ በሉ፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ቢሆን «ይበርደኛል» የምትለው ቃል የምትመዘገበው «ዘለለች» ተብላ ነው።

ከዚህ የምወስደው፣ ጠቋሚ ሦስት ዕዳ አለበት የሚል ነው። ከመናገሩ በፊት መጠየቅ አለበት። ሲናገር ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ምክንያት ሲነገር ሰሚው «ለዚህ ከሆነ ይቅርብኝ» ማለት ይችላልና። «አልወደድኩትም» ሲባልም ሳያኮርፍ መስማት አለበት።

አራተኛም አለ፤ እሱን ለማየት ግን እኛ ራሳችን የተጠቆምንበትን ጊዜ ማሰብ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮ ዘፈኖቻችንን ለዓለም ሲያቀርብ፣ ስንቱ የውጭ ሰው ሙላቱ አስታጥቄን፣ ጌታቸው መኩሪያን፣ እማሆይ ጽጌማርያምን በዚያ በኩል አወቀ። ዘ ኤክስ የሚባሉት የኔዘርላንድ ፓንኮች፣ እነሱም በራሳቸው የሚያሳትሙ፣ ከጌታቸው ጋር ተጫውተው በ2006 «ሞአ አንበሳ» የሚል አልበም አወጡ። ትልቅ ውለታ ነው። ግን አንድ ፈረንጅ «የኢትዮጵያን ሙዚቃ እወዳለሁ፤ ምን ዋጋ አለው በ1974 አለቀ» ቢለን ምን ይሰማናል? እሱ አልዋሸም። የገባበት በር አንድ ብቻ መሆኑን የነገረው የለም። እኛም ለጀማሪ አምስት ባንድ ስንሰጥ «ይሄ የኔ ጥግ ነው፤ ቤቱ ከዚህ ይሰፋል» ማለት አለብን።

«ጣዕም የግል ነው፤ ሰውን ለምን አትተወውም?» የሚል ይኖራል። ግን የማን ጣዕም ነው ብቻውን የበቀለ? ቤት ውስጥ የሚከፈተው ሬዲዮ፣ የታክሲው ስፒከር፣ የሰፈሩ ሙዚቃ ቤት ሁሉም ጠቁመውናል። ተጽዕኖ መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ተጽዕኖ የሚያደርገው አካል ፊቱን ያሳያል ወይ፣ መልስስ ይሰማል ወይ ነው።

ገንዘብም አለበት። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ለትንሽ ባንድ የአንድ ሰው ጥቆማ ቁጥር ነው። ቢሆንም አድማጩን የባንዱ እርዳታ ሰጪ ለማድረግ አልሞክርም፤ የጠየቀኝ እሱ ነው፣ መጀመሪያ የማስበውም ለሱ ነው።

እዚህ የደረሳችሁ «እሺ፣ አሁን ስም ጥራ» ማለታችሁ አይቀርም። ግጥም የምትወዱ፣ ድምፁ ቢሻክርም ቃሉ ካለ የሚበቃችሁ ከሆነ፣ የማውንቴን ጎትስን «ኦል ሄል ዌስት ቴክሳስ» ሞክሩ። በ2002 የወጣ ነው፤ ጆን ዳርኒየል ብቻውን ተራ ቴፕ ፊት ቁጭ ብሎ ነው የቀዳው፣ የቴፑ ሞተር ሲሽከረከር ሁሉ ይሰማል። ቁጣ ውስጣችሁ ካለና ወደ ጥሩ ነገር እንዲለወጥ የምትፈልጉ ከሆነ ፉጋዚ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያቸውን 5 ዶላር ላይ አቁመው የተጫወቱ ሰዎች ናቸው፣ በ«13 ሶንግስ» ጀምሩ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ የምትሰሙ ከሆነና ብርድ የማትፈሩ ከሆነ ደግሞ ሎው አሉላችሁ።

ይሄ የኔ ጥግ ነው። እናንተን ስለማላውቃችሁ ሦስቱም ሊስቱ ይችላሉ። በአካል ብንገናኝ ኖሮ ስም ከመጥራቴ በፊት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነበር፦ ትናንት ማታ ምን ስትሰሙ አመሻችሁ?