ለሕፃን የሚሰፋ የማስመሰያ ልብስ፦ ጨዋታ ወይስ ሐሰት?

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ እናቶች ኦክቶበር 31 ሲቃረብ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። ጎረቤት ሁሉ ልጁን የአንበሳ ወይም የንብ ልብስ አልብሶ በሚያወጣበት በሃሎዊን ምሽት፣ ገና ድክ ድክ ለሚለው ልጄ የማስመሰያ ልብስ ብሰፋለት ኃጢአት ይሆንብኛልን? የሚል ነው። ጉዳዩን ተራ ነገር ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ በቁጣ የሰይጣን በዓል ነው ብለው በሩን የሚዘጉም አሉ። እኛ ግን ስለ ምሽቱ ከመከራከር አስቀድሞ ስለ ልብሱና ስለሚለብሰው ሕፃን ማሰብ ይገባል እንላለን።

ስለ ምሽቱ ጥቂት ብቻ እናንሣ። የእንግሊዝኛው ስም ራሱ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። በ8ኛው ምዕተ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 3ኛ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ለቅዱሳን ሁሉ ክብር ቤተ ጸሎት አቆሙ፤ በ9ኛው ምዕተ ዓመት፣ በጎርጎርዮስ 4ኛ ዘመን፣ ኖቬምበር 1 የሚከበረው በዓል በምዕራቡ ዓለም ተስፋፋ። ዋዜማው በአየርላንድና በስኮትላንድ ከሕዝቡ የቆየ ልማድ ጋር ተቀላቀለ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይዘውት ተሻገሩ። ዛሬ በየደጁ የሚሰቀለው አፅምና ደም የተቀባ ጥርስ ከቅዱሳን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ መቀበል ግን ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ እያልን ሙልሙል ስንቀበል ያደግን ነንና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ያልሆኑትን መስሎ መታየት ሐሰት ነውን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ በሱማ ቴዎሎጂካ ሐሰት በቃል ብቻ ሳይሆን በድርጊትም እንደሚፈጸም ያስተምራል፤ ነገር ግን ቅዱስ አውጎስጢኖስን ተከትሎ ማስመሰል ሁሉ ሐሰት አለመሆኑን ይለያል። ለጨዋታም ተገቢ ስፍራውን ይሰጣል፤ የተዋንያንን ሙያ እንኳ በራሱ ኃጢአት ነው አይልም። ልዩነቱን ለመረዳት ርብቃን እናስታውስ (ዘፍ. 27)። ያዕቆብን የወንድሙን ልብስ አለበሰችው፤ እጆቹንና አንገቱንም በፍየል ጠቦት ቆዳ ሸፈነች። በእጅ ሥራነቱ ከተመለከትነው ከዚህ የተዋጣ የማስመሰያ ልብስ አይገኝም። ነገር ግን የተሠራው ዓይኑ የፈዘዘ አባት እንዲታለል ነበር። በሃሎዊን ምሽት በሯን የምትከፍት አሮጊት ግን አንበሳ መጣብኝ ብላ አትሸሽም። ሰፊዋም ተመልካቿም እውነቱን ያውቃሉ፤ ስለዚህ የተታለለ ባልንጀራ የለም።

እውነቱን ላያውቅ የሚችል አንድ ሰው ግን አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ራሱ ነው። ሬታ ደቭሪስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ሜይናርድ ለሚባል አንድ የዋህ ድመት የውሻ ጭንብል አድርገው ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆችን ጠየቁ። ከታናናሾቹ ብዙዎቹ ድመቱ በእርግጥ ውሻ ሆነ ብለው አመኑ፤ ታላላቆቹ ግን ድመቱ ድመት መሆኑን አልዘነጉም። እንግዲህ ለ2 ዓመት ሕፃን ጭንብል ጨዋታ ላይሆን ይችላል። የእናቱ ፊት በአውሬ ፊት ሲሸፈን እናቱ የሄደች ሊመስለው ይችላል፤ ለቅሶውም ቅብጠት አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ የላቲን ሊቃውንት ስለ ሦስቱ አካላት ሲያስተምሩ የተጠቀሙበት ፐርሶና የሚለው ቃል አስቀድሞ የተዋናይ ጭንብል ስም ነበረ። ቤተ ክርስቲያን የሚወልቀውን ነገር ስም ወስዳ ለማይለወጠው ማንነት ሰጠችው።)

ሌላይቱ እናት ሐና ናት (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየቀኑ የማታየውን ልጅ ልክ እንዴት አወቀችው? ክንዱ ምን ያህል እንደ ረዘመ በልቧ ስትገምት መክረሟን እንረዳለን። በሱቅ የሚሸጠው ልብስ የሚሰፋው ለዕድሜ ነው፤ 2 ዓመት የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ይሰቀላል። በቤት የምትሰፋ እናት ግን ሜትሯን ይዛ ይህንኑ ልጅ መለካት አለባት። ምሽቱ ብርዳም ስለሆነ ከሹራቡ በላይ እንዲገባ ታሰፋዋለች፤ ዳይፐሩን ለመቀየር የሚከፈት ስፍራ ታበጃለች፤ እንዳያደናቅፈው እግሩን ታሳጥራለች። በየደጁ በዱባ ውስጥ ሻማ ስለሚበራ በቀላሉ እሳት የማይይዝ ጨርቅ ትመርጣለች፤ የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽንም ይህንኑ ይመክራል። የአንበሳውን ጆሮዎች ከጭንብል ይልቅ በቆቡ ላይ ብትሰፋቸው ፊቱ ክፍት ይሆናል። ለግብረ ገብ ጽሑፍ ይህ ጥቃቅን ነገር የበዛበት ሊመስል ይችላል፤ እኛ ግን የእናትነት ጥንቃቄ ከዚህ ውጪ የት እንደሚገኝ አናውቅም። እንዲህም ስንል በእጅ መስፋት ቅድስና ነው ማለታችን አይደለም። ሌሊት በሥራ አድራ የምትመለስ እናት ከሱቅ ብትገዛ ማንም አይንቀፋት።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። እናቲቱ ሦስት ሌሊት ትደክማለች፤ በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ቆቡን ከራሱ ላይ አውልቆ ይጥለዋል። በዚያች ደቂቃ ልብሱ ለማን እንደ ተሰፋ ይታወቃል። እያለቀሰ ለፎቶግራፍ እንዲቆም ከተገደደ፣ ምስሉም በስልክ ለዘመድና ለማያውቀው ሰው ሁሉ ከተላከ፣ ልብሱ የተሰፋው ለተመልካች ነበር ማለት ነው፤ ሕፃኑም እንደ ዕቃ መስቀያ አገልግሏል። እንቢ ማለትን በቃል ገና ያልተማረ ሰው እንቢታውን የሚገልጸው በእጁና በለቅሶው ነው፤ እርሱም የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው እንጂ የቤታችን ጌጥ አይደለም። ሐሰት ካለ፣ በለቅሶው መካከል ለፎቶግራፍ ብለን በምናስመስለው ደስታ ውስጥ ነው።

በአሜሪካ በአንዳንድ ቁምስናዎች ልጆች በቅዱሳን በዓል የቅዱሳንን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። መልካም ልማድ ነው፤ ምንም እንኳ የ2 ዓመት ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከዘንዶው ባይለይም። ለጠየቁን እናቶች መልሳችን ይህ ነው፦ ስፉላቸው። የሚያስፈራ ነገር አታድርጉበት፤ ፊታቸውንም አትሸፍኑ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጆሮዎቹን የጣለ ቢኖር፣ ጆሮ የሌለው አንበሳ ሆኖ ይሂድ።